ኮረንቲ የከፈተው እጅ

በሐይቅ ከተማ ‹መብራት› እና ‹ኮረንቲ› አንድ ነገር አይደሉም። መብራት የሚመጣውና የሚሄደው ነው፤ ሲመጣ ልጅ የሚጮህለት፣ ሲሄድ አዋቂ የሚያማርረው። ኮረንቲ ግን የሚይዘው ነው። ቃሉን ከጣልያኖች ወርሰነዋል፤ ባለቤቶቹ «የሚፈስ፣ የሚሮጥ» ለማለት ይጠቀሙበታል። የእኛ ሰው መፍሰሱን ትቶ መያዙን ወሰደለት። ፖሊስ ሌባን፣ ዛር ባለዛሩን እንደሚይዘው ሁሉ ኮረንቲም ሰውን ይይዛል።

እኔ ልጅ ሳለሁ አጎቴን ይዟቸው ያውቃል። ጋሼ (ቤተሰቡ ሁሉ እንዲህ ነው የሚላቸው) ከአምባሰል ተነሥተው ሐይቅ ከተማ የገቡ፣ ከጎረምሳነታቸው ጀምሮ በእህል ወፍጮ የኖሩ ሰው ናቸው። አንድ ቀን የሞተሩን ገመድ በቀኝ እጃቸው ሲነኩ ያዛቸው። «ስቦ ያዘኝ፤ ብጎትት ብጎትት እንቢ አለኝ» ይሉ ነበር ሲያወሩት። ያዳናቸው ማጥፊያውን በበትር የመታ ሠራተኛ ነው። ከዚያ ወዲህ በወፍጮ ቤቱ ደጃፍ ለሚጫወት ልጅ ሁሉ ስለ ኮረንቲ ክፋት ሳይሰብኩ አያሳልፉም፤ ጅብም እባብም ሰው ሲያዩ ይሸሻሉ፣ ኮረንቲ ግን ያደፍጣል፣ ካገኘም አይለቅም እያሉ።

እውነቱ ሌላ ነው። ኮረንቲ እጅ የለውም። ያንን ሽቦ ጨምድዶ የያዘው የጋሼ የገዛ እጃቸው ነበር። ቤታችን የሚገባው ኤሌክትሪክ በሰኮንድ 50 ጊዜ ይመላለሳል። በክንድ ውስጥ ሲያልፍ እጅን የሚዘጉትንም የሚከፍቱትንም ጡንቻዎች በአንድነት ያዛቸዋል፤ የሚዘጉት ደግሞ ከሚከፍቱት ይበረታሉ። ስለዚህ እጅ ይጨመደዳል። ለዚህም ከ10 እስከ 20 ሚሊ አምፔር ይበቃል፤ ባለ 40 ሻማ አምፖል ከሚወስደው ከዐሥር እጅ አንድ እጅ ገደማ ማለት ነው። ሰውዬው መልቀቅ ይፈልጋል፤ አንጎሉ «ልቀቅ» ይላል፤ ነገር ግን ከአንጎሉ አብልጦ የሚጮህ ሌላ አዛዥ ክንዱ ውስጥ ገብቷል።

ይህን ባዕድ አዛዥ ለመድኃኒትነት የማዋል ሐሳብ ነው የዛሬው ጨዋታችን። ሐኪሞቹ ጡንቻን በኤሌክትሪክ ማነቃቃት ይሉታል። ባላገሩ በኮረንቲ መታከም ይለዋል። ታሪኩ ረጅም ነው፤ አንዱ ምዕራፉ ደግሞ፣ ብዙ ሰው ባይሰማውም፣ የሐበሻ ስም ያለበት ነው።

ጋሼን በ2015 ዓ.ም. ስትሮክ መታቸው። ለዓመታት ቸል ያሉት የደም ብዛት ነበረባቸው። ንግግራቸውና እግራቸው በሳምንታት ውስጥ ቀስ በቀስ ሲመለሱ ቀኝ እጃቸው ግን ተጨምድዶ ቀረ። ያው ድሮ ሽቦውን የያዘው እጅ፣ አሁን ባዶውን ይዞ። አውራ ጣቱ ከአራቱ ጣቶች ሥር ተቀብሯል፤ ጥፍሩ መዳፉን ይወጋል። ባለቤታቸው ማታ ማታ ለብ ባለ ውኃ እየዘፈዘፉ ጣት በጣት ይከፍቱታል፤ እስኪነጋ ተመልሶ ይዘጋል።

እንደ ብዙው የወሎ ቤት እዚያም ቤት ያልተሞከረ የለም። ጎረቤት ተሰብስቦ፣ ቡናው ተፈልቶ ወዳጃ ተደረገ፤ ዱዓው ወረደ። ክርስቲያን ጎረቤቶች ደግሞ ከሐይቅ እስጢፋኖስ ጸበል ይዘው መጡ። የእስላም ቤት ነው ብሎ የተሸማቀቀ፣ የክርስቲያን ጸበል ነው ብሎ የመለሰ አልነበረም። ደሴ ስላለች አንዲት የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ወሬ የተሰማው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። «በኮረንቲ ታድናለች» ተባለ። ጋሼ ይህን ሲሰሙ «ለኔ በዕድሜ አንድ ጊዜ ይበቃኛል» አሉ። ሚስታቸው ግን ቀደም ብለው የሚኒባሱን ሒሳብ ከነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው ነበር።

ከሐይቅ ደሴ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከአዲስ አበባ ልጠይቃቸው መጥቼ ስለነበር አብሬ ሄድሁ። ያን ጊዜ ጦርነቱ ካለፈ ገና ሁለት ዓመት አልሞላውም። በ2014 ዓ.ም. ደሴም ሐይቅም በእጅ ገብተው በነበሩባቸው ሳምንታት የደሴው ትልቁ ሆስፒታል ተዘርፎ ነበር። አንድ የሕክምና መሣሪያ ዳግመኛ ቦታው ላይ ተቀምጦ ማየት ራሱ ለደሴ ሰው ወሬ ነበር። ባለሙያዋን ያገኘናት በአንድ ጠባብ ክፍል ውስጥ ነው። መሣሪያዋም የሚያስደነግጥ አይደለም፤ የድሮ ትራንዚስተር ሬዲዮ ቢያክል ነው፤ ሁለት ቀጫጭን ገመዶች፣ በገመዶቹ ጫፍ ሁለት የሚጣበቁ ቁራጮች። ጋሼ የሶኬት ገመድ ፈልገው አጡ። «በባትሪ ድንጋይ ነው የሚሠራው አባባ» አለቻቸው። ትንሽ ቀለል አላቸው መሰለኝ ክንዳቸውን ሰጧት።

አንዱን ቁራጭ ከክርናቸው ዝቅ ብሎ በክንዳቸው ጀርባ፣ ሌላውን ወደ አንጓቸው ጠጋ አድርጋ ለጠፈችው። ቦታውን በጣቷ እየዳሰሰች ነበር የፈለገችው፤ ለምን እንዲያ እንደተጠነቀቀች ኋላ እመለስበታለሁ። ከዚያ ቁልፉን ቀስ እያለች ማዞር ጀመረች።

«ምን ይሰማዎታል?»

«ጉንዳን።»

«አሁንስ?»

«ብዙ ጉንዳን።»

ትንሽ ስትጨምርበት ያ ለስድስት ወር የተዘጋ እጅ ተከፈተ። መጀመሪያ አንጓው ቀና አለ፤ ከዚያ መካከለኛዎቹ ጣቶች፣ በመጨረሻ ትንሿ ጣት። የጋሼ ሚስት «አልሐምዱሊላህ!» ብለው እልልታውን አቀለጡት። ደጅ ተራ የሚጠብቁ ሰዎች በበሩ አንገታቸውን አስገቡ። ከአምስት ሰኮንድ በኋላ መሣሪያው ፋታ ሰጠ፤ እጁም ተመልሶ ተዘጋ።

ጋሼ ብቻ ደስ አላላቸውም። እጃቸውን የሰው ልጅ እንደሚያዩ ሁሉ ራቅ አድርገው አዩትና «እኔ አላዘዝሁትም» አሉ።

«አውቃለሁ አባባ» አለች ልጅቱ። «ያዘዘው ማሽኑ ነው። የሚቀጥለው ሲመጣ ግን እርስዎም አብረው ይዘዙ። ‹ተከፈት› ይበሉት፤ በልብዎ።»

በዚያው ክፍል ጥግ ላይ አንድ ወጣት ተቀምጦ ይህን ሁሉ ያይ ነበር። ከጉልበቱ ዝቅ ብሎ በውጭ በኩል ጥይት መትቶት፣ ቁስሉ ከዳነ ቆይቷል፤ እግሩ ግን ከቁርጭምጭሚቱ በታች ወደ ላይ አልነሣ ብሎታል። ሲራመድ የጫማው አፍንጫ መሬት ይጭራል፤ እንዳይወድቅ ጉልበቱን ከፍ እያደረገ፣ ደረጃ እንደሚወጣ ሰው ነው የሚሄደው። የጋሼ እጅ ሲከፈት ሲያይ ፊቱ ሲበራ ተመልክቻለሁ። ተራው ደረሰና ቁራጮቹ እግሩ ላይ ተለጠፉ። ቁልፉ ዞረ። ምንም። አሁንም ዞረ። ምንም።

«ጨምሪው» አላት።

«ብጨምረው ያቃጥልህ እንደሆነ ነው እንጂ አይመጣም።»

«የሽማግሌው መጣ አይደል?»

እዚህ ላይ ነገሩን ማስረዳት ይገባኛል፤ ምክንያቱም የዚህ ሕክምና ምሥጢር ሁሉ ያለው በነዚህ ሁለት ሰዎች ልዩነት ውስጥ ነው። የሐይቅን መብራት ምሳሌ እናድርግ። ቤትዎ ሲጨልም ጥፋቱ ከሩቁ ጣቢያ ሊሆን ይችላል፤ ወይም ከምሰሶው ወደ ቤትዎ የሚገባው ሽቦ ተበጥሶ ሊሆን ይችላል። ጨለማው አንድ ዓይነት ነው፤ መፍትሔው ግን ለየቅል። የጋሼ ብልሽት ከጣቢያው ነው። ስትሮኩ የመታው አንጎልን ነው፤ ከአከርካሪ ተነሥቶ ክንድ የሚደርሰው ነርቭ ደህና ነው፤ ትእዛዝ አጣ እንጂ አልሞተም። መሣሪያው እንደ ጄኔሬተር ከምሰሶው ላይ ይቀጠላል፤ ቤቱም ይበራል። የወጣቱ ግን የበጠሰው የመጨረሻውን ሽቦ ነው።

ብዙ ሰው መሣሪያው ጡንቻውን በቀጥታ የሚነካ ይመስለዋል። አይደለም። መሣሪያው የሚያነጋግረው ነርቩን ነው፤ ጡንቻውን የሚያዘው ነርቩ ነው። ለነርቭ ከሰኮንድ አንድ ሺህኛ ያነሰች ንዝረት ትበቃዋለች፤ በሰኮንድ 20 ወይም 50 ጊዜ ስትደጋገምለት ጡንቻውን አጥብቆ ይይዝለታል። ነርቭ የሞተበት ጡንቻ ግን ይህችን አጭር ንዝረት አይሰማትም። እርሱን ለማንቀሳቀስ ዐሥር እጥፍ፣ አንዳንዴም መቶ እጥፍ የረዘመ ምት ያስፈልጋል፤ ያኔም የሚመጣው ሰነፍ፣ እንደ ትል የሚሳብ እንቅስቃሴ ነው። ይህ ልዩነት በ19ኛው መቶ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ በጀርመን ሐኪሞች፣ ከነርሱም መካከል በዊልሄልም ኤርብ፣ በደንብ ተጠንቷል። ከዚያ ወዲህ ኮረንቲ መድኃኒት ብቻ ሳይሆን ጠያቂም ሆነ፤ «ነርቩ አለህ ወይስ የለህም?» ብሎ ይጠይቃል። የወጣቱ እግር ዝምታም መልስ ነበር።

እንዲህ ያለ የማይነሣ እግር ለወሎ እንግዳ አይደለም። ከደሴ ብዙም ሳይርቅ ያለውን ቦሩ ሜዳን የታሪክ ሰው በ1870 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ ባደረጉት ጉባኤ ያውቀዋል፤ የአገሩ ሰው ግን በሆስፒታሉ ነው የሚያውቀው፤ ለረጅም ዘመን የሥጋ ደዌ ሕሙማን የታከሙበት ነውና። የሥጋ ደዌ ባሲል ከሚወዳቸው ነርቮች አንዱ ያው ከጉልበት በታች በውጭ በኩል የሚያልፈው ነው። እርሱ ሲሞት እግር ይወድቃል። ለነዚያ ሰዎች ኮረንቲ ብዙ አልፈየደም። የፈየደው የቀዶ ሕክምና ብልሃት ነው፤ በ1965 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ላይ የተቋቋመው አለርት ሆስፒታል የሚታወቅበት። ከኋላ ያለውን ሕያው ጡንቻ ጅማት ቆርጦ ወደ ፊት ማዞርና የሞተውን ጡንቻ ሥራ ማሠራት።

ወደ ሐይቅ ስንመለስ ጋሼ በሚኒባሱ ውስጥ ብዙ ዝም ብለው ቆዩና «ይህን ነገር ማን ፈጠረው? ፈረንጅ ነው?» አሉኝ። መልሱ ከደሴ ሐይቅ የሚያልቅ አልነበረም። እኔም ከዓሣ ጀመርሁ።

በዓባይ፣ በባሮና በኦሞ ወንዞች ተፋሰስ የሚኖር ወፍራም፣ ከንፈረ ትልቅ ዓሣ አለ። የሐይቃችን ዓሣ አጥማጆች ከሚያወጡት ከአምባዛ ጋር ሩቅ ዝምድና አለው፤ ሐይቅ ውስጥ ግን የለም። ይህ ዓሣ ኮረንቲ ያመነጫል፤ እስከ 350 ቮልት። ሶኬታችን 220 መሆኑን ያስታውሷል። ሰው የማይገድለው ምቱ እጅግ አጭር ስለሆነ ነው። ግብፆች ከ4 ሺህ ዓመት በፊት በመቃብር ግድግዳ ላይ ሥለውታል። ዐረቦች ‹ረዓድ› ይሉታል። ይህን ስናገር ጋሼ ቀና አሉ፤ ቁርኣን ቤት የቀሩ ናቸውና። «ረዕድ እኮ ነጎድጓድ ነው» አሉ። ነው። ኤሌክትሪክ የሚባል ነገር ስም ሳይኖረው የዓሣውንና የመብረቁን ዝምድና ቋንቋው ቀድሞ ጠርጥሯል።

እንግዲህ ወደ ሐበሻው ምዕራፍ ደረስን። በ1615 እ.ኤ.አ. ኒኮላዎ ጎዲኞ የሚባል ፖርቱጋላዊ ኢየሱሳዊ ስለ ሐበሾች ጉዳይ በላቲን የጻፈው መጽሐፍ በሊዮን ከተማ ታተመ። በውስጡ ስለዚህ ዓሣ አንድ ነገር አለ። ሕያው ሆኖ በሞቱ ዓሣዎች መካከል ሲጣልና ሲንቀሳቀስ የነካቸው ሙታን በውስጣቸው በተሰወረ ኃይል ይናወጣሉ፣ ነፍስ የተዘራባቸውም ይመስላሉ ይላል። ተረት ይመስላል፤ ተረት ግን አይደለም። ዓሣ ከሞተ በኋላ ነርቩና ሥጋው ለጥቂት ጊዜ ለኮረንቲ ይታዘዛሉ። ያ ሰው የጻፈው፣ ሳያውቀው፣ ጡንቻ በኤሌክትሪክ ሲንቀሳቀስ የታየበትን ነው። ጣልያናዊው ሉዊጂ ጋልቫኒ በእንቁራሪት እግር ይህንኑ አሳይቶ ዓለምን ጉድ ያሰኘው በ1791 ነው፤ 176 ዓመት ቆይቶ።

ሁለተኛው መጽሐፍ ደግሞ ለወሎ ይበልጥ ይቀርባል። ጀርመናዊው ሂዮብ ሉዶልፍ በ1681 እ.ኤ.አ. የኢትዮጵያን ታሪክ አሳተመ። የሉዶልፍ መምህርና ዋና የመረጃ ምንጭ አባ ጎርጎርዮስ ነበሩ፤ የመካነ ሥላሴ ሰው፣ በዛሬው አነጋገር የደቡብ ወሎ ሰው። የተገናኙት በ1649 ሮም ውስጥ፣ ሐበሾች ያድሩበት በነበረው በቅዱስ እስጢፋኖስ ቤት ነው። በ1652 ሉዶልፍ ወደ ጎታ አስጠራቸው፤ አማርኛችንንም ለአውሮፓ ያስተማሩት እርሳቸው ናቸው። በ1658 ወደ አገራቸው ሲመለሱ መርከባቸው ሰጥማ ሞቱ። እንግዲህ በዚህ መጽሐፍ ውስጥ ሐበሾች በዚያ ዓሣ ንዳድ ይፈውሱ እንደነበር ተጽፏል። በሦስትና በአራት ቀን የሚመላለሰው ንዳድ የያዘው ሰው ከጠረጴዛ ጋር ተጠፍሮ ይታሰራል፤ ዓሣው በመገጣጠሚያዎቹ ላይ ይደረግበታል፤ ጭንቁ መላ አካላቱን ያንቀጠቅጠዋል፤ ከዚያ በኋላ ንዳዱ አይመለስም ይላል። ይህን ቁም ነገር አባ ጎርጎርዮስ ይንገሩት ሌላ፣ መጽሐፉ አይጨክንም።

«ዳነ?» አሉ የጋሼ ሚስት ከኋላ ወንበር።

እኔ አልዳነም ባይ ነኝ። በሦስተኛውና በአራተኛው ቀን የሚመላለስ ንዳድ ወባ ነው፤ ወባ ደግሞ አንዳንዴ ራሱ ሄዶ ራሱ ይመለሳል። ሲሄድ ዓሣው ይመሰገናል፤ ሲመለስ በሽተኛው ቆላ ወርዶ ነው ይባላል። ኮረንቲ የወባን ተሕዋስ የሚገድልበት መንገድ የለም። ስለዚህ «ከጋልቫኒ በፊት እኛ» የሚለው ፉከራ አይጥመኝም፤ የሮማው ሐኪም ስክሪቦኒዩስ ላርጉስም በመጀመሪያው መቶ ዘመን የባሕሩን ዘመዱን ለራስ ምታትና ለሪህ ያዝዝ ነበር። ያየነውን አይተናል፤ ለምን እንደሆነ ግን አልጠየቅንም። ጋልቫኒ የጠየቀው ያንን ነው። ደግሞ እርሱም መልሱን አጋመሰው፤ ኤሌክትሪኩ ከእንስሳው ውስጥ ነው አለ። አሌሳንድሮ ቮልታ ከብረቶቹ ነው ብሎ ተከራከረና ክርክሩን ለማሸነፍ በ1800 ባትሪን ሠራ፤ ዲስክ በዲስክ ላይ ሲደረድርም የኮረንቲ ዓሣውን የውስጥ አካል አስመስሎ መሥራቱን ራሱ ተናግሯል። የደሴዋ ልጅ መሣሪያ ውስጥ ያለው የባትሪ ድንጋይ የዚያ ዓሣ የልጅ ልጅ ነው ማለት ነው። ይህን ስላቸው ጋሼ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቁ።

ከዚያ በኋላ የመጣው ዘመን ግን የሚያስቅ አይደለም። የጋልቫኒ የእኅት ልጅ ጆቫኒ አልዲኒ በጃንዋሪ 1803 ለንደን ላይ፣ ነፍስ በማጥፋት ተፈርዶበት የተሰቀለውን የጆርጅ ፎርስተርን ሬሳ በሕዝብ ፊት በባትሪ አንቀሳቀሰው። መንጋጋው ተንቀጠቀጠ፣ አንድ ዓይኑ ተገለጠ፣ እጁም ተነሥቶ ጨበጠ። ተመልካቹ ሰውዬው የተነሣ መሰለው። ያ እጅ ግን ያነሣው የፎርስተር ፈቃድ አይደለም። «እኔ አላዘዝሁትም» የሚል እንኳ አልነበረም።

የእኔ ሰው ዱሼን ነው። ጊዮም ዱሼን በቡሎኝ ተወልዶ ፓሪስ የገባ፣ መሣሪያውን ተሸክሞ ከሆስፒታል ሆስፒታል የሚዞር ሐኪም ነበር። ከርሱ በፊት ኮረንቲ ሰውነት ላይ እንዳመጣ ነበር የሚለቀቀው። ዱሼን በረጠበ ጫፍ ነጥብ በነጥብ እየነካ አንዱን ጡንቻ ከሌላው ለይቶ ማንቀሳቀስ እንደሚቻል አሳየ፤ በ1855ም ጻፈው። ከቆዳ ሥር ነርቩ ወደ ጡንቻው የሚገባበት በር አለ፤ በሩን ካገኘህ በትንሽ ኃይል ይከፈታል፤ ካጣህ ግድግዳ ትደበድባለህ። ልጅቱ የጋሼን ክንድ በጣቷ ስትዳስስ የነበረው ያንን በር ፍለጋ ነው።

ዱሼን በ1862 ደግሞ የሰውን ፊት ጡንቻዎች እያንቀሳቀሰ ያነሣቸውን ፎቶግራፎች አሳተመ። ፊቱ የማይሰማው አንድ ምስኪን ሽማግሌ በኮረንቲ ሲስቅ፣ ሲቆጣ፣ ሲያዝን ይታያል። ዱሼን ያገኘው ነገር ይገርመኛል። የከንፈርን ጡንቻ ሰው ባዘዘው ጊዜ ያንቀሳቅሰዋል፤ የዓይን ዙሪያው ግን ከልብ ደስታ በቀር እሺ አይልም። በኮረንቲ ግን ሁለቱም ይስቃሉ። የሽማግሌው ፎቶግራፍ ፍጹም ሳቅ ነው፤ ደስ ያለው ግን ማንም የለም።

በዚህ ኃይል የተጫወቱበትም አሉ። በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ጊዜ ነፍሳቸው ተሸብራ እጅ እግራቸው የተያዘባቸውን ወታደሮች በብርቱ ኮረንቲ እያሰቃዩ ወደ ግንባር የመለሱ ሐኪሞች ነበሩ፤ በ1920 ቪየና ላይ ጉዳዩ ተመርምሯል። በሰላሙ ጊዜ ደግሞ በ1961 እ.ኤ.አ. ሊበርሰንና ባልደረቦቹ በስትሮክ እግራቸው ለወደቀ ሰዎች ከጫማ ተረከዝ ሥር ማብሪያ አኖሩ፤ ተረከዙ ከመሬት ሲነሣ ኮረንቲው ነርቩን ይነካል፣ እግሩም ይነሣል። ለኔ ከሁሉ የሚያምረው ይህ ነው፤ ቢያንስ መቼ እንደሚራመድ የሚወስነው ሰውዬው ነው። በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. የሶቪየቱ ያኮቭ ኮትስ ስፖርተኞችን በኮረንቲ አጠነክራለሁ አለ፤ ከርሱ ወሬ ተነሥቶም ተኝቶ ቦርጭ የሚያጠፋ ቀበቶ ገበያውን አጥለቀለቀው። በ2002 የአሜሪካ ፌዴራል የንግድ ኮሚሽን ሦስቱን ሻጮች ከሰሳቸው። ቀበቶው ግን አዲስ አበባም ገብቶ አይቼዋለሁ፤ በልምምድ የሚመጣውን በባትሪ የሚፈልግ ሰው የትም አይጠፋም።

ጋሼ ደሴ የተመላለሱት ለአራት ወራት ነው። ከሦስተኛው ሳምንት በኋላ ልጅቱ መሣሪያውን ስታበራ ጋሼ ግንባራቸውን ቋጥረው፣ ላብ እያላባቸው «ተከፈት» ማለት ጀመሩ፤ አንዳንዴ ጮክ ብለው። ከስትሮክ በኋላ ኮረንቲው የሚረዳው ከሰውዬው ከራሱ ሙከራና ከልምምድ ጋር ሲገጥም ነው፤ ብቻውን ሲሆን እጁን ያወዛውዘዋል እንጂ አንጎሉን አያስተምረውም። ከሁለት ወር በኋላ አንድ ቀን ልጅቱ ሳትነግራቸው ቁልፉን አላዞረችውም። መካከለኛዎቹ ሁለት ጣቶች ግማሽ መንገድ ሄዱ። ጋሼ ማሽኑ መስሏቸው «ዛሬ ጉንዳኑ የት ሄደ?» ብለው ጠየቋት።

ያ ነው የተገኘው። ስኒ አይዙም፤ አይጽፉም። የጆንያ አፍ በሁለት እጃቸው ገጥመው ይይዛሉ፤ ማሰሪያውን ልጃቸው ታስራለች። ጥፍራቸውም መዳፋቸውን አይወጋም፤ ሚስታቸው ከሁሉ የሚያመሰግኑት ይህን ነው። ወጣቱን በመጨረሻ ሳየው ከጫማው ውስጥ እግሩን ቀጥ አድርጎ የሚይዝ የፕላስቲክ ድጋፍ አድርጎ ነበር። መሬት አይጭርም። የነርቩን ነገር ጠየቅሁት። «ዝም ብሏል» አለኝ።

መንገዱ ሲከብድ ቤተሰቡ አዋጥቶ አነስተኛውን መሣሪያ ከአዲስ አበባ ገዝተን ላክን። ልጅቱ አለጣጠፉን አስተምራ፣ የማይነካውን በወረቀት ጽፋ ሰጠቻቸው፤ አንገት ላይ አይደረግም፣ የቆሰለ ቆዳ ላይ አይደረግም፣ ነፍሰ ጡር ሆድ ላይ አይደረግም፣ ልቡ ላይ የኤሌክትሪክ መሣሪያ የተተከለለት ሰው ከነጭራሹ አይነካውም። ወረቀቱ ግድግዳው ላይ ተለጠፈ። ወሬው ግን ከወረቀቱ ቀድሞ ከሐይቅ እስከ ሱሉላ ደረሰ። አንዱ ለወገቡ፣ አንዷ ለጉልበቷ፣ አንዱ ለማይታዘዝ ልጁ፣ «ትንሽ ኮረንቲ» ፍለጋ ይመጡ ጀመር። ባለፈው ስደውል የጋሼ ሚስት መሣሪያውን በሣጥን ቆልፈው ቁልፉን አንገታቸው ላይ አስረውታል።

«ምን ላድርግ?» አሉኝ። «ሁሉም ዝም ብሎ ሊታዘዝ ነው የሚመጣው። ‹አብረህ እዘዝ› ስለው ይቀየመኛል።»